«አይገባዎትም» የሚለው ደብዳቤ የመጨረሻው ቃል አይደለም

አሜሪካ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ማግኘት እየከበደ ነው፡፡ በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችን በፓርኪንግ ካሸርነት፣ በታክሲ፣ በሆቴል ጽዳት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሠርተው አንድ ቀን ወገባቸው ወይም ኩላሊታቸው እምቢ ይላቸዋል፡፡ ያን ጊዜ «መንግሥት ይረዳኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፡፡ ሕግ መማሬን የሚያውቁ ወዳጆች ይህን ሲጠይቁኝ፣ ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጋር አንድ ደብዳቤ አለ፡፡ «አመልክተዋል፤ መርምረናል፤ አይገባዎትም» ይላል፡፡ ብዙ ሰው ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፡፡ ከመንግሥት ጋር ምን ያከራክራል ይላል፡፡

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ደብዳቤ ነው፡፡ እኔ በአሜሪካ ችሎት የምቆም ጠበቃ አይደለሁም፡፡ ሆኖም ሕጉ የተጻፈ፣ የሚነበብና የሚገባ ስለሆነ፣ እዚያ ላሉትም እዚህ ሆነው ለሚያስቡላቸውም ዋና ዋናውን ማስረዳት ይቻላል፡፡ የማነሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የሀገራችንን ሕግ ስጠቅስ ብቻ በእኛ አቆጣጠር እሄዳለሁ፡፡

ሁለት አበል፣ ሁለት ሕግ

በእኛ ሰው አፍ ሁሉም «ዲስኣቢሊቲ» ይባላል፡፡ በሕጉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡

የመጀመሪያው ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ ነው፡፡ በ1956 የታወጀ ሲሆን ጠባዩ መድን ነው፡፡ ሠራተኛው ከደመወዙ 6.2 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ሌላ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይከፍላሉ፡፡ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የታክሲ ነጂ፣ ሁለቱንም ድርሻ ራሱ ይሸፍናል፡፡ አበሉን ለማግኘት በአብዛኛው 40 የሥራ ነጥብ፣ ከእነዚያም ውስጥ 20ው ከሕመሙ በፊት ባሉት 10 ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት፡፡ በዕድሜ ወጣት ለሆነ ሰው ቁጥሩ ያንሳል፡፡ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነጥብ ነው፤ በ2025 አንድ ነጥብ ለማግኘት 1,810 ዶላር ገቢ ያስፈልግ ነበር፡፡ እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ፡፡ ገቢውን በጥሬ ገንዘብ እየተቀበለ ለግብር ያላሳወቀ ሰው ነጥብ አይያዝለትም፡፡ ከግብር አተረፍኩ ያለውን በሕመሙ ቀን ይከፍለዋል፡፡

ሁለተኛው ኤስ.ኤስ.አይ ነው፡፡ በ1972 ታውጆ በጥር 1974 መከፈል ጀመረ፡፡ ይህ የሥራ ነጥብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ድህነትን ነው፡፡ በ2025 ለአንድ ሰው ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር፡፡ የአመልካቹ ሀብት ከ2,000 ዶላር፣ የባልና ሚስት ከሆነ ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፡፡ የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና ግን አይቆጠሩበትም፡፡ ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም፡፡

ለእኛ ሰው ሦስተኛ ጉዳይ ይጨመራል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፡፡ በ1996 የወጣው ሕግ ኤስ.ኤስ.አይን ለውጭ ዜጎች በጣም አጥብቦታል፡፡ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ሊያገኝ የሚችለው ለ7 ዓመት ነው፡፡ በዲቪ ሄዶ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የ40 ሩብ ዓመት የሥራ ታሪክ እስኪኖረው ወይም ዜግነት እስኪያገኝ ይጠብቃል፡፡ እናትን ወይም አባትን በግሪን ካርድ አስመጥቶ «እዚያ ሲደርሱ መንግሥት ይይዛቸዋል» ብሎ ማሰብ እንግዲህ ስህተት ነው፡፡ ሌላም አለ፡፡ አሜሪካ ከበርካታ ሀገሮች ጋር የሥራ ዘመንን የማዳመር ስምምነት አላት፤ ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም፡፡ በአዲስ አበባ የተሠራ 15 ዓመት እዚያ አንድም ነጥብ አይሆንም፡፡

«ስንት ፐርሰንት ተባለ?»

እኛ ሀገር ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል፡፡ የጡረታ አዋጆቻችን 1267/2014 እና 1268/2014ም የጤና ጉድለት ጡረታንና የሥራ ላይ ጉዳትን ለይተው ይደነግጋሉ፡፡ ስለዚህ ዘመዳችን አሜሪካ ሲያመለክት መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ተባለ?» ነው፡፡

በሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ግን ፐርሰንት የሚባል ነገር የለም፡፡ ወይ ሙሉ በሙሉ ነው፣ ወይ ምንም፡፡ ሕጉ የሚጠይቀው በሕክምና የተረጋገጠ ሕመም መኖሩን፣ ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያበቃ መሆኑን፣ በዚያም ምክንያት ሰውየው የሚረባ ገቢ ያለው ሥራ መሥራት አለመቻሉን ነው፡፡ የገቢው ልክ በየዓመቱ ይወጣል፤ በ2025 በወር 1,620 ዶላር፣ ለዓይነ ስውራን ደግሞ 2,700 ዶላር ነበር፡፡

«የቀድሞ ሥራዬን አልችልም» ማለት ብቻ አይበቃም፡፡ መርማሪው በቅደም ተከተል አምስት ጥያቄ ይጠይቃል፡፡ አሁን እየሠራ ነው? ሕመሙ ከባድ ነው? መሥሪያ ቤቱ ካወጣው የከባድ ሕመሞች ዝርዝር ጋር ይመጣጠናል? ቀድሞ ይሠራ የነበረውን ሥራ ይችላል? ካልቻለስ በሀገሪቱ ካሉት ሥራዎች ሌላ የሚችለው አለ? ብዙው ሰው የሚወድቀው በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ነው፡፡ «እርግጥ ሻንጣ መሸከም አይችሉም፤ ተቀምጠው ዕቃ መለየት ግን ይችላሉ» ይባላል፡፡

እዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት ሁለት ለውጦች መጥተዋል፡፡ የሚመረመረው የቀድሞ ሥራ ያለፉት 15 ዓመታት ነበር፤ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ወደ 5 ዓመት ዝቅ ብሏል፡፡ ይህ አመልካቹን ይጠቅማል፡፡ ሁለተኛው ግን በእኛ ላይ የወደቀ ነው፡፡ ቀድሞ እንግሊዝኛ አለመቻል በመመዘኛው ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ነበረው፡፡ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ተሰርዟል፡፡ አሮጌውን ደንብ ይዞ «እናቴ ቋንቋ ስለማትችል ይሰጧታል» የሚል ካለ መረጃው አልፎበታል፡፡

ዕድሜ ግን አሁንም ትልቅ ክብደት አለው፡፡ 50 እና 55 ዓመት የሞላው ሰው የሚመዘነው በላላ መለኪያ ነው፡፡ ስለዚህ የልደት ዓመት ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲገለበጥ ስህተት ገብቶ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይበጃል፡፡ አንድ ዓመት እዚያ ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል፡፡

60 ቀን

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ፡፡ የመጀመሪያውን ምርመራ የሚያካሂደው የየክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ነው፡፡ አመልካቹን ፊት ለፊት አያየውም፤ የሚያየው ፋይል ነው፡፡ ብዙዎቹ ማመልከቻዎች በዚህ ደረጃ ውድቅ ይሆናሉ፡፡ ከዚያ በኋላ አራት በር አለ፡፡ በመጀመሪያ ሌላ መርማሪ ፋይሉን እንደገና እንዲያይ መጠየቅ፣ ቀጥሎ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ቀርቦ መደመጥ፣ ከዚያ የይግባኝ ጉባዔ፣ በመጨረሻ የፌዴራል ፍርድ ቤት፡፡ ሁለተኛው በር ዋናው ነው፡፡ ሰውየው እንደ ሰው የሚታየው፣ ዳኛውም ጠይቆት መልሱን የሚሰማው እዚያ ነውና፡፡

በእያንዳንዱ በር ላይ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፡፡ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በኋላ በ5ኛው ቀን እንደደረሰ ይቆጠራል፡፡ ቀኑ ካለፈ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ይህን ያደርጋል፡፡ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፡፡ የመድን ዋስትናው ሥራ ካቆሙ በኋላ ለዘላለም አይቆይም፡፡ ሳያቋርጥ ለሠራ ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት ያህል ነው፡፡ ይግባኙን ትቶ በየጊዜው አዲስ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው አንድ ቀን «በሽታዎ እውነት ነው፤ ዋስትናዎ ግን አብቅቷል» ሊባል ይችላል፡፡ ውዝፍ ክፍያውም ይቀራል፡፡ ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ ወደ ኋላ የሚከፍለው ከማመልከቻው በፊት ቢበዛ 12 ወር ነው፤ ኤስ.ኤስ.አይ ደግሞ ከማመልከቻው በፊት ላለው ጊዜ ጭራሽ አይከፍልም፡፡

60 ቀኑ ያመለጠው ሰውም ወዲያው ተስፋ አይቁረጥ፡፡ ደንቡ «በቂ ምክንያት» ካለ ዘግይቶ ይግባኝ ማቅረብን ይፈቅዳል፤ ከምክንያቶቹም መካከል እንግሊዝኛን በደንብ አለማወቅ በግልጽ ተጽፏል፡፡ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፡፡

አበሉ ተፈቅዶለት ሲያበቃ «አገግመዋል» ተብሎ የሚቋረጥበትም አለ፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 በጎልድበርግና ኬሊ ጉዳይ የድሆች ዕርዳታ ከመቋረጡ በፊት ባለመብቱ መደመጥ አለበት ብሎ ነበር፡፡ በ1976 በማቲውስና ኤልድሪጅ ጉዳይ ደግሞ ለዲስኣቢሊቲ አበል ይህ ግዴታ አይደለም አለ፡፡ ክፍተቱን ኮንግረስ በ1980ዎቹ በሕግ ሸፈነው፡፡ ዛሬ በሕክምና ምክንያት ሲቋረጥበት፣ ደብዳቤው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ክፍያው እንዲቀጥል የጠየቀ ሰው እየተከፈለው ይከራከራል፡፡ ከተረታ የተከፈለውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል፡፡ እዚህ ላይ 60 ቀን አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ይግባኙን ባያጣም የወር ገቢውን ያጣል፡፡

የጠበቃው ዋጋ

«ጠበቃ የምይዝበት ገንዘብ ቢኖረኝ አበል ምን አስፈለገኝ?» የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ አለ፡፡ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ግን አይሠራም፡፡ ጠበቃው በተለመደው ውል የሚከፈለው ካሸነፈ ብቻ ነው፤ የሚከፈለውም ከውዝፉ ላይ 25 በመቶ ሲሆን ጣሪያ አለው፡፡ ጣሪያው ከ7,200 ዶላር ወደ 9,200 ዶላር ከፍ ያለው በኅዳር 2024 መጨረሻ ነው፡፡

በቁጥር እንየው፡፡ በወር 1,400 ዶላር የተፈቀደለት ሰው የ20 ወር ውዝፍ ቢኖረው ጠቅላላው 28,000 ዶላር ነው፡፡ የጠበቃው ድርሻ 7,000 ይሆናል፡፡ ውዝፉ 60,000 ቢደርስ ሩቡ 15,000 ነው፤ ጠበቃው ግን በዚያ ጣሪያ 9,200 ብቻ ያገኛል፡፡ ካልተፈቀደ ክፍያው ዜሮ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ወርሃዊ አበል ላይም ጠበቃው ድርሻ የለውም፡፡ ገንዘቡን በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከውዝፉ ቀንሶ ለጠበቃው ይልካል፡፡ ለሕክምና ማስረጃ ቅጂ የወጣ ወጪ ግን ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል በውሉ ላይ ማየት ያስፈልጋል፡፡ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከደረሰ ሌላ የክፍያ ሥርዓት አለ፤ እሱንም ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል፡፡

ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ መሥሪያ ቤቱ ሳያጸድቅ ለውክልና ክፍያ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው፡፡ «500 ዶላር ስጠኝና አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው፣ የሀገር ልጅም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ ሕግ እየጣሰ ነው፡፡ በሌላ በኩል ጠበቃ ያልሆነ ሆኖ በሕጋዊ መንገድ የሚወክል አለ፤ ፈተና ወስደው ክፍያቸውን በቀጥታ ከመሥሪያ ቤቱ የሚቀበሉም አሉ፡፡ ፌዴራል ፍርድ ቤት መቆም ግን አይችሉም፡፡ ገንዘብ ለሌለው ደግሞ የነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶችና የሕግ ትምህርት ቤቶች ክሊኒኮች አሉ፡፡ በተለይ ውዝፉ ትንሽ በሚሆንበት የኤስ.ኤስ.አይ ጉዳይ የግል ጠበቃ ላይጓጓ ስለሚችል መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ይሻላል፡፡

ጠበቃ ያለው ልዩነት ያመጣል? የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ጥናት ከ2007 እስከ 2015 የተሰጡ የአስተዳደር ሕግ ዳኞች ውሳኔዎችን መርምሮ ነበር፡፡ ተወካይ የነበራቸው አመልካቾች ከሌላቸው ይልቅ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ተፈቅዶላቸዋል፡፡ ቁጥሩን እንዳለ መዋጥ የለብንም፤ ጠበቆች ደካማ የሚመስላቸውን ጉዳይ ቀድመው ይተዋሉና፡፡ ያም ሆኖ ልዩነቱ ሰፊ ነው፡፡

በጎ ያልሆነውም መነገር አለበት፡፡ በኬንታኪ ትልቅ ስም የነበረው ጠበቃ ኤሪክ ኮን የሐሰት የሕክምና ማስረጃ እያዘጋጀና ዳኛ በጉቦ ይዞ ሲሠራ ቆይቶ በ2017 ጥፋተኛነቱን አመነ፤ አምልጦም ሆንዱራስ ውስጥ ተያዘ፡፡ እሱ ታሰረ፤ ከ1,500 በላይ የሚሆኑ ደንበኞቹ ግን በእርግጥ የታመሙትም ጭምር ከ2015 ጀምሮ ጉዳያቸው እንደገና ተከፍቶ ብዙዎቹ አበላቸውን አጡ፡፡ «አይጨነቁ፣ ሐኪሙንም እኔ አመጣዋለሁ» ከሚል ጠበቃ መራቅ ለራስ ነው፡፡

ጥሩ ጠበቃ ምን ይሠራል? ማስረጃውን ከየሆስፒታሉ ይሰበስባል፡፡ የሚያክመው ሐኪም «ታሟል» ብቻ ሳይሆን ስንት ደቂቃ መቀመጥ፣ ስንት ኪሎ ማንሳት፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ መቅረት እንዳለበት እንዲጽፍ ይጠይቃል፡፡ ማስረጃውን ከችሎቱ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን በፊት ያስገባል ወይም መኖሩን ያሳውቃል፡፡ በችሎቱ ላይ «ይህ ሰው ይህን ይህን ሥራ ይችላል» የሚለውን የሥራ ጉዳይ ባለሙያ «በወር ሦስት ቀን ቢቀርስ ማን ይቀጥረዋል?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ ብዙ ጉዳይ የሚዞረው በዚህ አንድ ጥያቄ ነው፡፡ ውል ከመፈራረም በፊትም «በችሎቱ የሚቆመው አንተ ነህ ወይስ ሌላ? ብንረታ ይግባኙን ትቀጥላለህ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው፡፡

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»

ጠበቃ የማያስተካክለው ደግሞ አለ፤ እሱም የእኛ ባህል ነው፡፡ ሐኪም «እንዴት ነዎት?» ሲለን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን፡፡ አልሐምዱሊላህ የሚለውም እንደዚሁ ነው፡፡ ለእኛ ይህ ሰላምታ ነው፡፡ በሕክምና ካርዱ ላይ ግን «ታካሚዋ ደህና መሆኗን ትናገራለች» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳኛው ያነበዋል፡፡ ምስጋናውን ማስቀረት አያስፈልግም፤ ቀጥሎ ሕመሙን መናገር ነው፡፡

የሕመም ስሞቻችንም ችግር አላቸው፡፡ «ጨጓራዬ»፣ «ነርቬ»፣ «ብርድ መታኝ» ስንል እርስ በርስ እንግባባለን፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን በሽታው ይጠፋል፡፡ የት እንደሚያም፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚያስተው መናገር ይሻላል፡፡ መሥሪያ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፡፡ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይበጅም፤ እናት በልጇ ፊት ሕመሟን ታሳንሳለች፣ ልጅም ያፈረበትን ይዘላል፡፡ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ዝም ይላሉ፡፡

ቅጹ «ምግብ ያበስላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ብሎ ማለፍ ቅን መልስ ይመስላል፡፡ ሙሉ መልስ ግን አይደለም፡፡ ሽንኩርቱን ማን ከተፈው፣ ስንት ጊዜ ተቀመጠች፣ በማግስቱ ተነሣች ወይ የሚለው ካልተጻፈ መርማሪው የሚያየው ጤነኛ ባለሙያ ሴት ነው፡፡ ይህን የምለው አጋንኑ ለማለት አይደለም፤ ሐሰት መጻፍ ወንጀል ነው፡፡ እውነቱን ሳታሳጥሩ ተናገሩ ነው የምለው፡፡

ጸበልም እንዲሁ፡፡ በጸበል መታከም የእምነት መብት ነው፡፡ ነገር ግን ስድስት ወር ጸበል ላይ የቆየ ሰው ካርድ ላይ የስድስት ወር ባዶ ቦታ ይኖራል፤ መርማሪውም «ሕክምና ያልፈለገው ስላልታመመ ነው» ሊል ይችላል፡፡ ምክንያቱ መገለጽ አለበት፤ ዳኛውም ምክንያቱን የማየት ግዴታ አለበት፡፡ ኤስ.ኤስ.አይ የሚቀበል ሰው ለጸበል ብሎ ወደ ሀገር ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፡፡ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀን እዚያ ሳይኖር አይጀምርም፡፡

መብት ነው፣ ልመና አይደለም

ሥርዓቱ ፍጹም አይደለም፡፡ ይኸው የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2008 እስከ 2019 ይግባኝ ካሉት አመልካቾች መካከል ወደ 110 ሺህ የሚጠጉት የመጨረሻውን ውሳኔ ሳይሰሙ ሞተዋል፡፡ ክፍያው ሲፈቀድም በኤስ.ኤስ.ዲ.አይ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ያሉት አምስት ሙሉ ወራት አይከፈሉም፤ የሜዲኬር የሕክምና መድኑ ደግሞ፣ ከጥቂት በሽታዎች በስተቀር፣ አበሉ ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ይመጣል፡፡ አንድ ሀብታም ሀገር ታማሚዎቹን ይህን ያህል ማስጠበቁ የሚያስመሰግነው አይደለም፡፡

ነገር ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በሩ ተከፍቶ ሳለ ከደጅ የሚመለሰው ነው፡፡ የእኛ ሰው መንግሥት «አይሆንም» ካለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፡፡ እጅ ነስቶ መውጣት ጨዋነት ይሆንበታል፡፡ ሃያ ዓመት ከደመወዙ የተቆረጠ መድን መጠየቅን ከልመና ይቆጥረዋል፡፡ የዚያ ሀገር ሕግ ግን የመጀመሪያውን «አይሆንም» ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል አምኖ አራት በር ሠርቶለታል፤ ለጠበቃውም ደመወዝ ከውዝፉ መድቦለታል፡፡

እዚህ ያለን ቤተሰቦችም አንድ ሥራ አለን፡፡ ሕመሙ የጀመረው ወይም የታከመው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ የሆስፒታሉ ማስረጃ እዚያ ይጠቅማል፤ ሐኪሞቻችን የሚጽፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስተርጎም እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፡፡ ካርዱን ማስፈለግ፣ ቅጂውን ማህተም ማስመታት፣ መላክ፡፡ ስልክ ስንደውልም ከ«ተሻለህ?» በፊት «ደብዳቤው የተጻፈው በስንት ቀን ነው?» ብለን እንጠይቅ፡፡